ዮናስ በቡዳፔስት

ዮም ኪፑር ከሰዓት በኋላ፣ ጾሙ ጉልበት ማዛል ሲጀምር፣ በምኩራብ በሚንኻ ጸሎት ላይ መጽሐፈ ዮናስ ይነበባል። ወላጆቻችን አስተስርዮ የሚሉት ይህ ቀን ሲመጣ ታሪኩን ለመቶኛ ጊዜ እንሰማዋለን። ዮናስ ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ይኮበልላል፤ ማዕበል ይነሣል፤ ታላቅ ዓሣ ይውጠዋል፤ በሦስተኛው ቀን ይተፋዋል፤ ነነዌ ገብቶ ይሰብካል፤ ንጉሡም ሕዝቡም ከብቱም ሳይቀር ማቅ ለብሰው ይጾማሉ፤ ከተማዋም ትድናለች። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በዚያ ሰዓት የማስበው ስለ ነነዌ ሳይሆን ጾሙ ስለሚፈታበት ሰዓት ነበር።

ዓምና ግን ለትምህርቴ የተግባር ልምምድ ቤት ለቤት እየሄድኩ ከምጎበኛቸው አረጋውያን መካከል አንዲት የሃንጋሪ ተወላጅ እናት ነበሩ። ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ ጾሙ ስናወራ ዮናስን በሃንጋሪኛ ምን እንደሚሉት ነገሩኝ፤ «ዮናሽ» ነው። በአማርኛ «ዮናስ» እንደምንል ስነግራቸው ሳቁ፤ ከዕብራይስጡ «ዮና» ይልቅ የእኛና የእሳቸው ይቀራረባል። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና፣ «የኛ አገር ነነዌ ግን ንስሐ አልገባችም» አሉኝ። የሚናገሩት ሃንጋሪ ውስጥ ተማሪ ሁሉ ስለሚያውቀው የሚሃይ ባቢች ግጥም ነበር። በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ፈልጌ አነበብኩት። ከዚያ አንዱ ሌላውን እየሳበ፣ አንድ ገጣሚ፣ ሁለት ጳጳሳትና አንድ የሕግ ሰው ለአንድ ጥያቄ የሰጡትን መልስ ስከታተል ከረምኩ። ጥያቄው ሶሻል ዎርክ ለምንማር ሰዎች ሩቅ አይደለም። ክፉ ነገር በሕግና በሥርዓት፣ በፊርማና በማኅተም ሲመጣ፣ የሚያይ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

መጀመሪያ አገሩን ላስተዋውቃችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሃንጋሪ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ከተሸነፉት ወገን ነበረች። በ1920 በተፈረመው የትሪያኖን ውል ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣች። የተሸነፈ አገር ጥፋተኛ ይፈልጋል። በዚያው ዓመት ፓርላማው ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ እያንዳንዱ «ዘርና ብሔረሰብ» በሕዝቡ ውስጥ ባለው ድርሻ ልክ ብቻ ተማሪ እንዲያስገባ የሚል ነው። በሕጉ ውስጥ «አይሁዳዊ» የሚል ቃል የለም፤ ነገር ግን የታሰበው ለማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። አይሁድ ከሕዝቡ 6 በመቶ ገደማ ስለነበሩ፣ ድርሻቸው 6 በመቶ ሆነ ማለት ነው። እኛ ተማሪዎች ስለሆንን እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብንል ጥሩ ነው። ነገሩ የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ቢሮ ነው፤ በቁጥር ሠንጠረዥ፣ ማንንም ሳይሰድብ።

ባቢች በዚህ ጊዜ የታወቀ ገጣሚ ነበር። በ1883 ሴክሳርድ በምትባል ከተማ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወልዶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። የዳንቴን «መለኮታዊ ኮሜዲ» ከዳር እስከ ዳር ወደ ሃንጋሪኛ የተረጎመ፣ መጽሐፍና ጸጥታ የሚወድ ሰው ነው። ሆኖም ዘመኑ ጸጥታውን አልተወለትም። በ1917፣ በጦርነቱ መካከል፣ የማይሰማ ወደመሰለው ፈጣሪ የሚጮህ ግጥም አሳትሞ መጽሔቱ ተወረሰ፤ እሱም ሃይማኖትን ደፍሯል ተብሎ ተከሰሰ። መጽሔቱ «ኙጋት» ይባላል፣ «ምዕራብ» ማለት ነው። በ1908 ሲመሠረት ከዋና ዋና አዘጋጆቹ በርካቶቹ የአይሁድ ተወላጆች ነበሩ፤ በኋላ ባቢች ራሱ ዋና አዘጋጅ ሆነ። በ1928፣ ጁሊየን ቤንዳ የተባለ ፈረንሳዊ የዘመኑ ምሁራን እውነትን ለብሔር፣ ለዘርና ለመደብ ሸጡ ብሎ ሲከስ፣ ባቢች በዚያ መጽሐፍ ላይ ረጅም ድርሰት ጻፈ። የተማረ ሰው ብዙኃኑ ስለሄደ ብቻ አብሮ ሊሄድ አይገባም የሚለውን ሐሳብ በራሱ መንገድ ተከራከረበት።

ከዚያ 1938 መጣ። ለባቢች ዓመቱ የጀመረው በሆስፒታል ነው። የጉሮሮ ካንሰር ይዞት ነበርና በየካቲት ወር እንዲተነፍስ ጉሮሮው በቀዶ ጥገና ተከፈተ። ድምፁን አጣ። ከባለቤቱና ከጓደኞቹ ጋር የሚነጋገረው በደብተር ላይ እየጻፈ ሆነ፤ እነዚያ ደብተሮች ዛሬም አሉ። በመጋቢት የሂትለር ጦር ኦስትሪያ ገባ፤ ጀርመን የሃንጋሪ የድንበር ጎረቤት ሆነች። በግንቦት መጨረሻ ደግሞ በቡዳፔስት ሁለት ነገሮች በአንድ ሳምንት ሆኑ። አንደኛው ዓለም አቀፍ የካቶሊኮች የቅዱስ ቁርባን ጉባኤ ነው፤ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ምዕመናን ከተማዋን አጥለቀለቁ፣ በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆኑት ካርዲናል ፓቼሊ የሮማ እንደራሴ ሆነው መጡ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ፀረ አይሁድ ሕግ ነው። ሕጉ በጋዜጠኝነት፣ በቲያትር፣ በጥብቅና፣ በሕክምና፣ በምህንድስናና በንግድ ድርጅቶች የአይሁድ ድርሻ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ዝማሬውና አዋጁ በአንድ ሳምንት።

«የዮናስ መጽሐፍ» በዚያው ዓመት በመስከረም በኙጋት ታተመ። ድምፅ የሌለው ሰው፣ መናገር ስለማይፈልግ ነቢይ የጻፈው ግጥም ነው።

ግጥሙን ያላነበበ ሰው በከባድ ድምፅ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። አይደለም፤ ብዙ ቦታ ያስቃል። ቋንቋው ሆነ ብሎ ያረጀ ነው፤ የድሮውን የሃንጋሪ መጽሐፍ ቅዱስ ቃና ይዟል። ዮናሱ ጀግና አይደለም። ይፈራል፣ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ተሸጉጦ ያስመልሰዋል፣ ከዓሣው ሲወጣ ይገማል፣ ያጉረመርማል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንዲተዉት። ክፋት እንዳለ ጠፍቶት አይደለም፣ ያውቃል። ብቻ የእሱ ጉዳይ እንዳይሆን ይፈልጋል። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ በስብሰባ ላይ አንገቴን ደፍቼ የተቀመጥኩባቸው ሰዓቶች ታወሱኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ባቢች ከመጽሐፍ ቅዱሱ የራቀበት ዋና ቦታ ነነዌ ነው። በእኛ መጽሐፍ ከተማዋ ትሰማለች። በእሱ ግጥም አትሰማም። ዮናስ መጀመሪያ ገበያ ገብቶ ሲጮህ ሻጮቹ ይስቁበታል። ቀጥሎ ተዋንያን ወዳሉበት ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ የሚያየው እንደ ትርኢት ነው። በሦስተኛው ቀን ቤተ መንግሥት ሲደርስ አሽከሮቹ መቀለጃ ያደርጉትና እስቲ ከዚያ ሆነህ ተንብይ ብለው ዓምድ ላይ ይሰቅሉታል። ማቅ የለበሰ የለም፣ ከዙፋኑ የወረደ ንጉሥ የለም። ዮናስ ተዋርዶ፣ እየረገመ ወደ በረሃ ይወጣና የከተማዋን መጥፋት ይጠብቃል። አርባው ቀን ያልፋል። ነነዌ አትጠፋም።

በመጽሐፍ ቅዱሱ ዮናስ የሚቆጣው ነነዌ ተጸጽታ ስለዳነች ነው። እዚህ ግን ሳትጸጸት ነው የቆመችው፤ ቁጣው የበለጠ ያሳዝናል፣ በአንድ በኩልም ልክ ይመስላል። የእግዚአብሔር መልስ በቅሏ ምሳሌ ይጀምርና ይሰፋል። ከተማዋ ስንት ትውልድ የደከመባት እንደሆነች፣ በሚሳለቀው ሕዝብ መካከል ቃሉ የወደቀባቸው ጥቂት ልቦች እንደሚኖሩ፣ አርባ ቀን በእሱ ዘንድ አርባ ዓመት ወይም ከዚያም የበዛ ሊሆን እንደሚችል ይነግረዋል። እኔ እንደገባኝ ነገሩ ይህ ነው፦ መናገር የነቢዩ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው የእሱ ሥራ አይደለም። ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም ግዴታው አይቀርም። በግጥሙ ውስጥ ሃንጋሪዎች እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚጠቀሙበት አንድ መስመርም አለ፤ ሐሳቡ በበደል መካከል ዝም ማለት ራሱ የበደሉ አካል መሆን ነው የሚል ነው። መጨረሻ ላይ ዮናስ መልስ አይሰጥም። ከተማዋ ከሩቅ በሙቀቱ ውስጥ ትታያለች፤ እዚያ ላይ ያበቃል።

ባቢች በ1939 ከግጥሙ ጋር የሚሄድ አጭር ጸሎት ጨመረ። እስኪሞት ድረስ ቃል እንዳይነጠቅ ይለምናል። በነሐሴ 1941 አረፈ፤ ኙጋትም ከእሱ ጋር ቆመ።

አሁን ወደ እውነተኛዋ ነነዌ እንምጣ። በሃንጋሪ የላይኛው ምክር ቤት የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች መቀመጫ ነበራቸው። የ1938ቱ ሕግ ሲቀርብ የካቶሊኩም፣ የካልቪናውያኑም፣ የሉተራውያኑም ጳጳሳት ደግፈው ድምፅ ሰጡ። ከእነሱ አንዱ ላስሎ ራቫስ የካልቪናውያኑ ጳጳስ፣ በአገሩ ስመ ጥር ሰባኪ፣ የተማሩ ሰው ነበሩ። የ1939ኙ ሁለተኛ ሕግ ድርሻውን ወደ 6 በመቶ ሲያወርድና አይሁዳዊነትን በአያት ሲቆጥር፣ ክርክራቸው ይበልጥ ለተጠመቁት አይሁድ ነበር። በ1941 ሦስተኛው ሕግ ጋብቻን ሲከለክል ግን ተቃወሙ፤ በዚህ ጊዜ የተነካው የቤተ ክርስቲያን ምሥጢር ነበርና። እዚህ ላይ ልፍረድ፦ ሰዎቹ ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። «ትንሽ ከሰጠናቸው የባሰውን እናስቀራለን» የሚለው ስሌት የብዙ ደግ ሰዎች ስሌት ነው። ግን እያንዳንዱ «ትንሽ» ለሚቀጥለው መሰላል ሆነ።

በመጋቢት 19 ቀን 1944 ጀርመን ሃንጋሪን ያዘች። ከግንቦት 15 እስከ ሐምሌ 9 ባሉት ስምንት ሳምንታት ብቻ 437,000 ያህል አይሁድ በባቡር ተጫኑ፤ አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትዝ። የጫኗቸው በዋናነት የሃንጋሪ ጄንዳርሞች ናቸው። ራቫስና ሌሎች መሪዎች የተቃውሞ ደብዳቤ አዘጋጁ፤ በየአጥቢያው ሊነበብ ነበር። መንግሥት ደረሰበት፣ ድርድር ሆነ፣ ቃል ተገባላቸው፣ ደብዳቤው ሳይነበብ ቀረ። በምትኩ አጭር ማስታወቂያ ሲነበብ ከቡዳፔስት ውጪ ባሉት ከተሞች አይሁድ አልቀሩም ነበር። ራቫስ በእርጅናቸው በጻፉት ላይ ያንን የ1938 ድምፅ ተጸጽተውበታል።

ዓምድ ላይ የወጣ ዮናስ ግን አልጠፋም። አሮን ማርቶን የትራንሲልቫንያ ካቶሊክ ጳጳስ ነበሩ። መንበራቸው በሮማንያ በኩል ቀርቶ፣ በሀገረ ስብከታቸው ያለችው የኮሎዥቫር ከተማ ደግሞ በዚያ ጊዜ በሃንጋሪ ሥር ነበረች። በግንቦት 1944 መጀመሪያ የኮሎዥቫር አይሁድ ተለቅመው በጡብ ፋብሪካ ግቢ ታጎሩ። በግንቦት 18 ጳጳሱ ድንበር ተሻግረው በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቆሙና የሚደረገውን በግልጽ አወገዙ። ሕዝቡ ሰማ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ባቡር ተነሣ፤ በሰኔ መጀመሪያ ግቢው ባዶ ነበር። ጳጳሱ ከሃንጋሪ ግዛት ተባረሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የሮማንያ ኮሚኒስቶች ለዓመታት አሰሯቸው። በ1999 ያድ ቫሼም ጻድቃነ አሕዛብ ከሚላቸው ቆጠራቸው። ስብከታቸው ባቡሩን አላስቆመም። ታዲያ ምን ጠቀመ? የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም ብዬ ነበር። በ1938 በየጳጳሱ አፍ ተነግሮ ቢሆንስ ብዬ ስጠይቅ ግን ጥያቄው ዞሮ ሌላ ቦታ ያርፋል።

አራተኛው ሰው ኢሽትቫን ቢቦ ነው፤ በ1911 የተወለደ የሕግ ባለሙያ። በ1940 የጳጳስ ራቫስን ልጅ አገባ፤ ማለትም ድምፅ የሰጡት ሰው አማቱ ናቸው። በ1944 በፍትሕ ሚኒስቴር ሲሠራ አይሁድን ከመወሰድ የሚያድኑ ሐሰተኛ ወረቀቶችን ያዘጋጅ ነበር። በጥቅምት የቀስት መስቀል ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ታሠረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲለቀቅ ተደበቀ።

እንዲህ ያለ ሰው ከጦርነቱ በኋላ ስለ ራሱ መልካም ሥራ ቢናገር ማን ይከለክለዋል? እሱ ግን በ1948 «ቫላስ» በተባለ መጽሔት ላይ ከ1944 በኋላ ስላለው የአይሁድ ጉዳይ ረጅም ድርሰት ሲያወጣ ተቃራኒውን አደረገ። የሃንጋሪ ሕዝብ በየፊናው ማሳበቢያ ሲደረድር ነበር፦ ጀርመኖች ናቸው፣ ጥቂት ወሮበሎች ናቸው፣ እኛም ተርበን ነበር፣ እገሌ እኮ አንድ ቤተሰብ ደብቋል። ቢቦ አንድ በአንድ ያነሣቸዋል። ጥቂት ደጋጎች የብዙኃኑን ዕዳ አይከፍሉም ይላል። ከሁሉ ይበልጥ የከበደኝ ስለ ሕጎቹ ያለው ነው። የ1938ና የ1939 ሕጎች ለተራው ሰው ያለ ላብ የሚገኝ ነገር አስለመዱ፤ የሌላ ሰው የሥራ ቦታ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሱቅ፣ በኋላም ቤትና አልጋ። ሰው ሳይገድል፣ ሳይሰርቅ፣ ማመልከቻ ብቻ ጽፎ ተጠቃሚ ሆነ። የተመለሱት ሲመጡ በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። ኢምሬ ኬርቴስ፣ በ14 ዓመቱ ከቡዳፔስት የተወሰደውና በ2002 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ደራሲ፣ በ1975 ባሳተመው ልብ ወለድ ልጁ ቤቱ ሲደርስ የማያውቃት ሴት በሩን ትዘጋበታለች።

ቢቦ መፍትሔ አድርጎ የሚያቀርበው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲሞክሩት ግን አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ሒሳብ ያውጣ ነው የሚለው። የሌላውን ጥፋት ከራስ ሒሳብ ላይ ሳይቀንሱ፣ ማቅለያ ሳይደረድሩ፤ ምን አየሁ፣ ምን ማድረግ እችል ነበር፣ ምን አላደረግሁም። ከራሱም አልጀመረም አይባልም፤ «እኛ» እያለ ነው የሚጽፈው። ድርሰቱ ሲወጣ ኮሚኒስቶቹ አገሩን እየጠቀለሉ ነበርና ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ ታፈነ።

በኅዳር 1956 በአብዮቱ መንግሥት ሚኒስትር ተደርጎ ተሾመ። በማግስቱ የሶቪየት ታንኮች ፓርላማውን ከበቡ። ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ሕንፃው ውስጥ ቀርቶ በታይፕ መግለጫ ይጽፍ ነበር። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ1963 በምሕረት ወጣ። ከዚያ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሮ ጡረታ እስኪወጣ ሠራ። በ1979 ሲሞት ሳንሱር ሳያልፍ በእጅ ለእጅ የተሠራጨ የመታሰቢያ መጽሐፍ ከሰባ በላይ ጸሐፊዎች አዋጡለት።

እንግዲህ የራሴን ሒሳብ። በሙያችን ልጅ አደጋ ላይ እንዳለ የጠረጠረ ሰው እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደዋል፤ ሖቫት ዲቩዋሕ ያላችሁትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕጉ ስለ ሌላ ዓይነት ዝምታ ግን ምንም አይልም። ቀደም ባለው ልምምዴ በአንድ ቢሮ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ስለ አንዲት አማርኛ ተናጋሪ እናት ይወራል። ሴትየዋ ለደብዳቤ መልስ እንዳልሰጡ፣ በቃለ መጠይቅ ዓይን እንዳላዩ፣ «አዎ አዎ» ብቻ እንዳሉ ተነገረ። አንድ ሰው «ባህላቸው ነው፣ አይተባበሩም» አለ፤ ተጻፈም። እኔ አውቅ ነበር። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ብቻ ነው፤ ሴትየዋ አያነቡም። ዓይን አለማየታቸው አክብሮት ነው። «አዎ አዎ» ማለት «እየሰማሁ ነው» እንጂ «ተስማማሁ» አይደለም። ይህንን ለመናገር ሦስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም።

አውቶቡስ ላይ ማቅለያዎቼን ደረደርኩ። ተማሪ ነኝ። በክፍሉ ውስጥ ከኛ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ለወገኔ ያደላሁ ይመስለኛል። ማርክ የሚሰጡኝ እነሱ ናቸው። ሁሉም እውነት ናቸው፤ ቢቦን ሳነብ ያሳፈረኝም ይኸው ነው፤ የእሱ አገር ሰዎች ማቅለያም አብዛኛው እውነት ነበር። የእኔን ነገር ከ1944 ጋር እኩል እያደረግኩ እንዳይመስላችሁ፤ አይደለም፣ ማነጻጸሩም ነውር ነው። ግን ባቢች የጻፈው ስለ 1938 ነው፤ ስለ ሠንጠረዥና ስለ ድምፅ አሰጣጥ፣ ሰው በጨዋነት ዝም ስለሚልባቸው ክፍሎች።

በኋላ ለልምምድ ኃላፊዬ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፤ ወረቀቱ ግን ወጥቶ ነበር። ይህን ሁሉ ለሃንጋሪዋ እናት ከጸሎቱ በኋላ በነበረው ሳምንት አጫወትኳቸው። ስለ ራሴ እየተናዘዝኩ ነበርና፣ «አይዞህ» የሚል ነገር የምጠብቅ ይመስለኛል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሻይ ቀዱልኝ። ከዚያ የጠየቁኝ ስለ እኔ አልነበረም፤ «ሴትየዋስ?» አሉ።

ፋይሉ እንደገና እንዲታይ፣ በአስተርጓሚም ቃለ መጠይቅ እንዲደረግላቸው ጥያቄ ገብቷል። መልሱ ገና አልመጣም።